አንብቤ ተርጉሜላቸዋለሁ

መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠይብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታ ግዴታዬ ስለሆነ ነው። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን በሱቅ ጎረቤቴ በኢምራን እጅ ልኬልሃለሁ። ለዕቃ ዱባይ ይመጣል፤ እስከ ሐሙስ እዚያው ነው። እጅህ ላይ ሳያደርስ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ።

ከራሴ ልጀምር። ያን ቀን ሶሮማ ትምህርት ቤት ግቢ ገበሬውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። «ኩባንያችን ስለ ቡና ጥራት ሥልጠና ይሰጣል፣ ውሎ አበልም አለው» ስትለኝ የቡና ሱቄን ዘግቼ እስከ አገር ቤት ወረድኩልህ። ወረቀቱ ሲዞር ስም እየጠራሁ አስፈረምኩ። መጻፍ የማይችለውን አውራ ጣቱን ይዤ ቀለም አስነከርኩት። ሥልጠና የገባ ሰው ለአበሉ ይፈርማል፤ ማን ይጠራጠራል? ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነበር፤ እኔም ወንድሜ ነው ያመጣው ብዬ ምንነቱን አልጠየቅኩም።

አሁን አውቄዋለሁ። ኩባንያህ «ሶሮማ» የሚለውን ስም ውጭ አገር የራሱ የንግድ ምልክት አድርጎ ሲያስመዘግብ፣ «ገበሬዎቹ ፈቅደዋል» ብሎ ያያያዘው ያን ወረቀት ነው። የገበሬው ማኅበር ዘንድሮ ቡናውን በራሱ ስም ለአንድ ጀርመናዊ ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። ሰውየው የኩባንያህ ጠበቃ ደብዳቤ ሲደርሰው ሸሸ። የቀራቸው ኩባንያህ በተመነው ዋጋ ለኩባንያህ መሸጥ ነው። አያቶቻችን የተቀበሩበትን አገር ስም ጆንያ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ የሚጠየቀው እናንተን ሆኗል።

የማኅበሩ ጠበቃ ማዕረግ ቅጂውን ሱቅ ድረስ ይዛልኝ መጥታ መስመር በመስመር ተረጎመችልኝ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን አንድ ፊርማ ላይ አሳረፈች።

«የታችኛው ፊርማ የማን ነው?» አልኳት።

«የአስተርጓሚው ነው፣ እትዬ ሀጅራ። ‹ለሁሉም በቋንቋቸው አንብቤ ተርጉሜላቸዋለሁ› ይላል።»

ጠይብ፣ መቼ ነው ያነበብክልን? ሻይና ብስኩት ስታዞር ነው? እስከዚያች ቀን ድረስ እሱም ተታሎ ነው እያልኩ ስከራከርልህ ነበር። አፈርኩብህ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ነገሩ። የኩባንያህ ሰዎች ብቻቸውን ቢመጡ ከሶሮማ አንድ የጣት አሻራ አያገኙም ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል የምትለኝ ከሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ የበላኸው የት እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። የተማርከው በሶሮማ ቡና ነው።

አባባ ዓይኑን ሊታከም እኔ ጋ ከመጣ ሦስት ወር ሆነው። አብሮኝ ሱቅ ይውላል። መጀመሪያ ላይ ገዢ «የት ቡና ነው?» ሲል እኔን ቀድሞ «የሶሮማ ነዋ» ይል ነበር። አሁን «ቡና ነው» ይላል። እዚህ መጥራቱን ማንም እንዳልከለከለው ብነግረው፣ «የሰው ንብረት ከሆነ ምን አስጠራኝ» አለኝ። ፊርማህን አልነገርኩትም። የሶሮማ ሰዎች መጥተው ሲያማርሩ «የእኔ ልጅ እዚያ ውስጥ ነው፤ ያስተካክለዋል» እያለ ያጽናናቸዋል። ይህን በሰማሁ ቁጥር አንተን ማነቅ ያምረኛል።

ከደብዳቤው ጋር ማዕረግ ያዘጋጀችው የምስክርነት ቃል አለ። በአማርኛ ነው፤ አንብበህ ፈርም፤ አንተ እንዳደረግከን አናደርግህም። «አላነበብኩላቸውም፤ ለአበል ነው ብዬ አስፈረምኳቸው» ይላል። ቆንስላ ሄደህ አስመስክረህ ለኢምራን ስጠው። ሥራህን እንደምታጣ አውቃለሁ። እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሶሮማ ቀና ብዬ አልሄድም። ግን የእኔ ብቻ አይበቃም ተባልኩ። አንብቤላቸዋለሁ ያልከው አንተ ነህ፤ አላነበብኩም ማለት ያለብህም አንተው ነህ።

ኢምራን ባዶ እጁን ከተመለሰ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አባባን አስቀምጬ ወረቀቱን በሙሉ፣ የታችኛውን መስመር ጭምር፣ በሚገባው ቋንቋ አነብለታለሁ። ከልጆቹ አንዱ እንኳ ያንብብለት።

አባባ «ሰላም በይልኝ» ብሏል። ሰላምታው እኔ ዘንድ ይቆያል፤ ስትፈርም ይደርስሃል። ኢምራን የያዘልህ ጥቁር አዝሙድ ግን ለሳልህ ነው፤ እሱን ዛሬውኑ ጀምረው።

አላህ ከሐቅ ጋር ያቁምህ።

እህትህ ሀጅራ