ስለዚያች ቁራሽ ድንች

ውድ እማማ፣

ልጅዎ አውቶቡሱን ይዞ ወጥቷል፤ ሕፃኗም ተኝታለች። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎ ደግሞ ድምፅዎን ስሰማ ወኔ ይከዳኛል።

አስቀድሜ የምሥራቹን ልንገርዎ። የልጅ ልጅዎ ደኅና ናት። ባለፈው ማክሰኞ ቀዶ ሐኪሙ፣ "ከእንግዲህ በስድስት ወር አንዴ ብቅ በሉ፤ ይበቃል" ብሎ አሰናበተን። ትናንት ሩዟን ጨርሳ የአባቷን ሳህን ታይ ጀመር። ሳሏ ብቻ አልለቀቃትም፤ አሁንም እንደ ቡችላ ነው የምትስለው። ሐኪሙ የአየር ቧንቧዋ ሲጠነክር ይተዋታል ብሏል። "ቡችዬ" ያሏት ጊዜ ተቀይሜዎት ነበር። ዛሬ ሌላ ስም እንዳላት እኔም እየረሳሁ ነው።

የተወለደች ቀን ከአፏ አረፋ አልቋረጥ ሲል ነርሷ ቀጭን ቱቦ ልታስገባ ሞክራ እንቢ እንዳላት ያስታውሳሉ። የምግብ ቧንቧዋ ጨጓራዋ ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ተቋርጦ ነበር። በሁለተኛ ቀኗ ቀደው ገጠሙላት። ተገላገልን ስንል ስፌቱ ማፍሰሱ ታወቀና፣ በጎኗ ቱቦ ተሰክቶላት ሦስት ሳምንት ሙሉ በአፏ ምንም ሳይገባ ከረመች። ያን ጊዜ እኔ ከወንበር መነሳት ሲያቅተኝ ፀጉሬን ያጠቡኝ፣ እያባበሉ ያጎረሱኝ እርስዎ ነዎት። ቀዳዳው በራሱ ሲደፈን ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነዎትና ጀርባዋን ገልጠው አዩና ሐኪሙን፣ "ስፌትህ ጥሩ ነው የኔ ልጅ፤ ክሩ ግን ትንሽ ወፍሯል" አሉት። ሐኪሙ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልምጣ።

ዘጠኝ ወሯ ነበር። ልብስ አስጥቼ ስመለስ እርስዎ አቅፈዋት ቆመዋል፤ እሷ ዓይኗ ፈጧል፤ ምራቋን እንኳ መዋጥ አቅቷት በአገጯ ይወርዳል። "አንዲት ቁራሽ ድንች ነው የሰጠኋት፤ የተቀቀለ፣ ጥፍሬን የምታክል" አሉኝ። እንዴት ሆስፒታል እንደደረስን አላውቅም። ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቷት ድንቹን አወጣና ለብቻዬ ጠራኝ።

"የተሰፋበት ቦታ ጠባሳው ጠቦ የእስክሪብቶ ቀፎ አክሏል" አለኝ። "ይሄ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። ከዚህ በፊት መዋጥ አስቸግሯት ነበር?"

"ኧረ የለም፤ ደኅና ነበረች" አልኩት፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ እርስዎን፣ "ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር" አልኩዎት። በማግሥቱ ሻንጣዎን ይዘው ሴት ልጅዎ ቤት ሄዱ፤ ይኸው ሰባት ወር ሆነ።

እማማ፣ አስቸግሯት ነበር። ከዚያ እሑድ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጀምሮ አንድ ጡጦ ወተት አንድ ሰዓት ይፈጅባት ነበር፤ ትን ይላታል፣ በአፍንጫዋ ይመለሳል። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ፣ "ጠባሳው ሊጠብ ይችላል፤ መዋጥ ካስቸገራት ዛሬ ነገ ሳትይ አምጫት፤ እኔ ሳልፈቅድ ጠጣር ነገር እንዳትቀምስ" ብሎኝ ነበር። በጽሑፍም ሰጥቶኛል። ወረቀቱን ከቀጠሮ ካርዷ ጋር ፎጣ ሥር ደበቅኩት። ድጋሚ ይቀዷታል ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ካልኩት የሚተዋት መሰለኝ። እርስዎ፣ "ይቺ ልጅ መጥባት ምነው እንዲህ ከበዳት?" ሲሉኝ፣ "ጥርስ እያወጣች ነው" አልኩዎት። ድንች እንደማይሰጣት ማን ነግሮዎት ሊያውቁ?

ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ በትንሽ ፊኛ የጠበበውን አሰፋላት፤ ቢላ የሚባል ነገር አልነካትም። ያን ሁሉ የፈራሁት ለዚህ ነበር። በመጨረሻው ቀን እውነቱን ነገርኩት። ብዙ አልተቆጣኝም። "ድንቹ ባይቀረቀር መቼ ልታመጫት ነበር?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ያን ዕለት ማታ ለልጅዎም ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠና፣ "እኔ አልነግርልሽም። ለእናቴ ራስሽ ጻፊላት" አለኝ። ሁለት ቀን ከቁልፍና ከዳቦ በቀር ሌላ ወሬ አላወራኝም። ትናንት ግን ቡችዬ ሳህኑን ስትጎትትበት አብረን ሳቅን፤ ደኅና ነን።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ያልኩትን መመለስ አልችልም። ልጅዎ ግን ቅዳሜ በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር እይዝላታለሁ ብሏል። ክፍልዎን ጠርጌ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። ሐኪሙ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደማትበላ የጻፈልንን ወረቀትም ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ በእርስዎ ቁመት ልክ፣ በትልልቅ ፊደል ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት እርስዎ የማያዩት የሐኪም ወረቀት አይኖርም።

መቆጣት ይገባዎታል። ብቻ መጥተው ይቆጡኝ።

ምራትዎ፣
የቡችዬ እናት