ደጊቱ አልሞተችም ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የወባ ክትባት የዘረመል ጥናት ፕሮጀክት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ መብራት የማይጠፋበት ማቀዝቀዣዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ምኞቴ ነው። እኛ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለን ሰዎች ብርዱን ለምደነው ደህና ነን።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። እህቴ ደጊቱ ለአጨዳ ከእኛ ጋር ቆላ ወርዳ፣ ሁላችንንም ወባ ሲጥለን እሷ ብቻ በጤና ቆማ ውሃ ታጠጣን የነበረች ሴት ናት። በ2007 ዓ.ም. ባለሙያዎችዎ ይህን ሰምተው መጡና ምስጢሩ በዘረመሏ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፣ ከእሱም ክትባት ሊሠራ ይችላል ብለው አስረዷት። እሷም «ለልጆች ከጠቀመማ ውሰዱት» ብላ ክንዷን ዘርግታ ደም ሰጠች። በዓመቱ ሴት ልጅ ተገላገለችና ደሙ አልቆም ብሏት፣ ወደ ሆስፒታል ስንሮጥ ባጃጅ ውስጥ እጄ ላይ አረፈች።

ሐዘናችን ሳይወጣልን እርስዎ በቀበሌው ስብሰባ ተገኝተው ሊያጽናኑን ፈቀዱ። «ደጊቱ አልሞተችም፤ ሕዋሶቿ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ እየተባዙም ነው» አሉን። ሰውም አጨበጨበልዎ። ቅሬታዎቼ ከዚህ ይጀምራሉ።

አንደኛ፣ እናቴ ወይዘሮ እታለማሁ አፏን የፈታችው በአዊኛ ስለሆነ አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ «አልሞተችም» ለሚለው ግን በቂ ነበር። በማግስቱ ጥቁር ልብሷን አወለቀች። የንስሐ አባታችን ስለ ተዝካሩ ሊነጋገሩ ሲመጡ «አባቴ፣ ለሕያው ሰው ተዝካር ይወጣል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ። ደሟ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጠ ከሰማች ወዲህ ደግሞ ጋቢ ታስሸምንላታለች። «በረዶ ውስጥ ነች አላችሁ፤ አይበርዳትም?» ትለኛለች። ክቡርነትዎ ይህን ጥያቄ ከእኔ በተሻለ እንደሚመልሱት አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ደሟን ተቀብዬ ከአካሏ ጋር ልቅበረው ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ባልደረባዎ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ ናሙናው የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። የሰው ልጅ ሁሉ ሲባል እናቴን እንደማይጨምር ስላስተማሩኝ ባለውለታቸው ነኝ።

ሦስተኛ፣ እኔ የክትባት ጠላት አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜን ወባ ቆላ አስቀርቶብኛል፤ ክትባቱ በተገኘ ብዬ የምጸልይ ሰው ነኝ። ዘንድሮ ግን የኩፍኝ ከታቢዎች ሲመጡ የመንደራችን እናቶች «ደም የሰጠች ሴት ሞታም አታርፍም» እያሉ ልጆቻቸውን እርሻ ውስጥ ደበቁ። ከቤት ቤት እየዞርሁ ለመንኋቸው። ወደ ቤታችን እያመለከቱ «እናትህን አታያትም?» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ሰዎችዎ የደጊቱን ልጅ ደም ሊወስዱ መጡ። እናቴ ሕፃኗን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገቻትና «አንዷን ሁለት አደረጋችሁብኝ፤ ይቺ እንኳ አንድ ሆና ትደግልኝ» አለቻቸው። ሰዎችዎ ሳጥናቸውን ዘግተው ሄዱ። እናቴ ግን ዛሬም ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ብላ በሩን ትከፍትና መንገዱን ታያለች። እኔም፣ አፈር ያለበስኋት ወንድሟ፣ አንዳንዴ አብሬያት አያለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። «አልሞተችም» ባሉበት አንደበት፣ ቤታችን መጥተው እናቴን ፊት ለፊት እያዩ «ሞታለች» ይበሏት። እኛ ብንላት አላመነችንም፤ እኛ አልተማርንማ።

ሙታንን ሳይቀር ከሥራ ለማያሳርፈው ትጋትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ ደጊቱን ከቀበሯት ሰዎች አንዱ፣
ምህረቴ ይኸነው
እንጅባራ፣ ኅዳር 2010 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለፕሮጀክቱ የመዝጊያ በዓል ደጊቱ በክብር እንድትገኝ በስሟ የላካችሁት የጥሪ ካርድ ደርሶናል። ከእኛ ይልቅ እርስዎ ስለሚቀርቧት እባክዎን እርስዎው ይንገሯት።