ገዝቶን ላላወቀን ባንክ

ለክቡር ሚስተር ዮርት ሃቨካምፕ
የብሬደልዳም ባንክ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት

ክቡርነትዎ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በየዓመቱ የሚሰፋው ባንክዎ እንደምን ከርማችኋል? እኛ የኤልም ፎርክ ሰዎች፣ የዊስኮንሲን ብርድ ቢያንገበግበንም፣ ደህና ነን። እኔ አርባ ዓመት ቺዝ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ደንበኛዎ ነኝ።

«እድገታችን በአሜሪካ» የተሰኘውን የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የከተማችንን የገበሬዎች ባንክ የሚልዋኪ ባንክ እንደገዛው፣ የሚልዋኪውን የቺካጎው፣ የቺካጎውን ደግሞ እናንተ ከሮተርዳም ድረስ መጥታችሁ እንደገዛችሁት፣ በዚህም የተነሣ ታሪካችሁ እዚህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት፣ የገበሬዎች ባንክ ሲከፈት እንደጀመረ ተረድቻለሁ። ልጅ በጉዲፈቻ ሲወሰድ አውቃለሁ፤ አያት በጉዲፈቻ ሲወሰድ ግን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

በዚያው ፖስታ የመጣው ደብዳቤ ቅርንጫፋችን በመጋቢት እንደሚዘጋ ይገልጻል፤ በስልክ በተደረገ ጥናት ከመቶው ሰው ዘጠና አንዱ የብሬደልዳም ደንበኛ አይደለሁም ብሏልና። ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ጎረቤቴ ወይዘሮ ማርዴል ክሩግ «የብሬደልዳም ደንበኛ ነዎት?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ኧረ ምን በወጣኝ! እኔ የገበሬዎች ነኝ፤ አባቴም የገበሬዎች ነበር» ብለው ስልኩን በጠያቂው ጆሮ ላይ ዘጉበት። ክቡርነትዎ፣ ገበሬዎች ማለት እርስዎ ነዎት! የበሩን ሰሌዳ ሦስት ጊዜ ቀየራችሁት፤ ምላሳችንን ግን መጥቶ የቀየረልን የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

2ኛ. ለእኔም ተደውሎልኝ ነበር። ከውጭ ባንክ ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለኝ ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። ይህን ያልኩት እዚያው ባንካችሁ ውስጥ ቆሜ፣ በማሞቂያችሁ እየሞቅሁ ስለነበር ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

3ኛ. የሚቀጥለው ቅርንጫፍ አርባ ማይል ይርቃል። ወይዘሮ ማርዴል ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መኪና መንዳት ትተዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ተጣጥበው የሚወጡት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ባንኩ። ይህ ያሳዝነኛል፤ በቀልድ ልሸፍነው አልችልም። «ባንኩ ሙሉ በሙሉ ስልካችሁ ውስጥ አለ» ብላችሁናል፤ ወተት ለምናውቅ ሰዎች ይህ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት፣ ያንኑ ጥያቄ «የገበሬዎች ደንበኛ ነዎት ወይ?» ብለው አንድ ጊዜ እንዲያስጠይቁልን እለምናለሁ።

ሳያውቅ ታማኝዎ ሆኖ የኖረና ወደፊትም ላለማወቅ ቃል የሚገባ ደንበኛዎ፣

ኦርቪል ሉትኪ

ማሳሰቢያ፦ አጥኚዎቻችሁ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣ ለካርላ ቦየትም ደውለው ነበር። ብሬደልዳም የሚባል እንደማታውቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው ገበሬዎች ዘንድ እንደሆነ ነግራቸዋለች። ቅርንጫፉን ዝጊ የሚለው ትእዛዛችሁም ትናንት ሲደርሳት፣ «አድራሻ ተሳስቷል» ብላ ጽፋበት ወደ ሮተርዳም መልሳዋለች።