ጋዜጣ ተሸክሞ ፈተናውን ስላለፈው የጀርባ ቦርሳ

ለተከበሩ የንብረትና ግዥ አስተዳደር ኃላፊ፣ የቦርሳ መራጭ ኮሚቴም ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለወገብዎ፣ ለትከሻዎ፣ በተለይም ለጀርባዎ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም፤ እርስዎ ከቢሮዎ እስከ መኪናዎ የሚሸከሙት ነገር ቢኖር የመኪናው ቁልፍ ብቻ መሆኑን፣ እሱንም ቢሆን ሾፌርዎ እንደሚይዝልዎ ግቢው በሙሉ ያውቃል።

እኔ የተቋሙ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነኝ። በመልክ ላያውቁኝ ይችላሉ፤ ባለፈው ሳምንት ግን «ንብረት በቸልተኝነት ሰብረዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ በፊርማዎ ስለላኩልኝ በወረቀት ተዋውቀናል። ሥራዬ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙባቸውን የማሞቂያ ሳጥኖች፣ ማለትም ኢንኩቤተሮችን፣ መፈተሽ ነው። ሳጥኑ «ሙቀቴ ይህን ያህል ነው» ሲል እውነቱን ይሁን ውሸቱን የሚለየው ከላፕቶፕ ጋር የሚሠራ አንድ የሙቀት መለኪያ አለ፤ ያለ እሱ የተጠረጠረ ሳጥን ውስጥ ልጅ አይተኛም። ያ መለኪያ ከሦስት ሳምንት በፊት መንገድ ላይ ተሰበረ። ምትኩ መጥቶ መጋዘንዎ ከተቀመጠ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የማይወጣበትም ምክንያት ኤሌክትሮኒክስ ከግቢ የሚወጣው በተቋሙ ቦርሳ ብቻ ነው ስላሉ፣ የተቋሙ ቦርሳ ደግሞ ስለተቀደደ፣ አዲሱ ቦርሳ ደግሞ የኮሚቴዎን ምርጫ ስለሚጠብቅ ነው። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ግን ከሦስቱ ኢንኩቤተሮች በሁለቱ ላይ «አይነካ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የለጠፍኩት እኔው ነኝ። በመዝገብ ቤት ያስገባኋቸውን ሦስት ማመልከቻዎች ውሃ ስለበላቸው በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

አንደኛ፤ የቀድሞ ቦርሳዬን ስለከለከሉኝ አመሰግናለሁ። ያን ቦርሳ ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ላፕቶፑንና መለኪያውን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ እየከተትኩ፣ እያነገትኩ፣ የሱቁን ደረጃ እየወጣሁና እየወረድኩ ስሞክረው ባለሱቁ ታክቶት «ወንድሜ፣ ቦርሳ ነው የምትገዛው ወይስ ሚስት የምታጭ?» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ለሚስቴም እንዲህ አልተጨነቅኩም። ዋናው ዚፕ በጀርባ በኩል ስለሆነ አውቶቡስ ውስጥ የሰው እጅ አይገባበትም፤ የላፕቶፑ ኪስ ከጀርባ ተጠግቶ ከቦርሳው ወለል ሁለት ጣት ከፍ ስለሚል ቦርሳው መሬት ቢመታም ላፕቶፑ አይመታም፤ ለመለኪያው ደግሞ በአራቱም ጎን ወፍራም ስፖንጅ አለው። የመኪና ወንበር የምትሰፋው ታላቅ እህቴ የማንገቻዎቹን ሥር በወንበር ክር ደግማ ሰፍታልኝ «ይሄ ከሚለቅ አንተ ሥራህን ብትለቅ ይቀላል» ብላኝ ነበር። ስድስት ዓመት አገልግሎኛል፤ አንድ ብሎን እንኳ አልጠፋብኝም። ክቡርነትዎ ግን በሰርኩላር «አርማ የሌለው ቦርሳ የተቋሙን ገጽታ ያበላሻል» ብለው አሰናበቱት።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርጫው ሥነ ሥርዓት። የአዳራሹን ፕሮጀክተር ላስተካክል ተጠርቼ ስለነበር ይህን ታሪካዊ ስብሰባ በዓይኔ ለማየት ታድያለሁ። ሰባት የተከበሩ የኮሚቴ አባላት በጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ሦስት ናሙናዎች ፊት ቆመው፣ በየተራ እያነገቱ፣ ዞር ዞር እያሉ፣ ፎቶ እየተነሱ አረፈዱ። ከፕሮጀክተሩ ሥር ሆኜ አንድ ሰው ዚፑን ይከፍታል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ማንም አልከፈተም። ለአርማው አቀማመጥ አርባ ነጥብ፣ ለቀለሙ ሠላሳ ተሰጠ፤ ማንገቻ የሚባል መስፈርት ከነጭራሹ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው «ዕቃ ተሞልቶ ተፈትኗል፤ እጅግ ቀላልና ለጀርባ ምቹ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ቦርሳው ለእኔ ሲደርስ ብከፍተው፣ ነጋዴው ቅርጹ እንዳይጎብጥ የጠቀጠቀው የተጨማደደ ጋዜጣ እንዳለ አገኘሁት። ሰባት ሰዎች የፈተኑት ጋዜጣውን ነበር። እውነትም ቀላል ነው፣ ጉድ እኮ ነው!

ሦስተኛ፤ ስለ ጉዞው። ላፕቶፑ በውጭ በኩል፣ ለመጪ ለሂያጁ ክርን ተጋልጦ እንደሚቀመጥ፣ ወለሉም እንደ ሸሚዝ ስስ እንደሆነ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። የመጋዘን ኃላፊዋ «እኔ ምን ላድርግልህ? ፈርመህ ውሰድ» አለችኝ፤ እሷም እንጀራዋ ነውና አልፈርድባትም። መለኪያውን በሹራቤ ጠቅልዬ ጉዞ ጀመርኩ። መኪና ልቀይር ከአውቶቡሱ ስወርድ የቀኝ ማንገቻው ከሥሩ ተነቀለ፤ ቦርሳው ከመውረጃው ደረጃ ድንጋዩ ላይ ዘጭ አለ። የመለኪያው መስታወት ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ላፕቶፑም አልነሳም አለ፤ እሱን እንኳ በኋላ ራሴ ጠግኜዋለሁ። በመንገደኛ መሀል ተንበርክኬ ስብርባሪ ስለቅም እንባዬ መጥቷል፣ አልደብቅዎትም። ደስ የሚያሰኝ ዜና ስለሚወዱ ግን አንድ ልንገርዎት፤ አርማው ላይ ጭረት እንኳ አልደረሰበትም። እንኳን ደስ ያለዎት!

አራተኛ፤ ይህንን ቀልድ ሳልቀላቅል እጽፈዋለሁ። ሆስፒታሉ የደረስኩት ባዶ እጄን ነው። የሕፃናት ክፍሉ ዋና ነርስ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት፣ ሁለቱ ሳጥኖች የሚያሳዩት ሙቀትና በእጇ የያዘችው ቴርሞሜትር አልስማማ እንዳሏት አሳየችኝ። የትኛው እንደሚዋሽ የምለይበት መሣሪያ ተሰብሯልና ማድረግ የምችለው ወረቀት መለጠፍ ብቻ ነበር። ደህና በሆነው በአንዱ ሳጥን ውስጥ ከመንትዮች አንዷ ተኝታለች። ሁለተኛዋ እናቷ ደረት ላይ፣ ከልብሷ ሥር፣ ገላ ለገላ ተጣብቃ ነበር፤ በየጥቂት ሰዓቱ ይቀያይሯቸዋል። ልጆቹ ሁለቱም ተደምረው የእርስዎን ቦርሳ አያህሉም። እናትየው ቀና ብላ «ወንድሜ፣ ማሽኑ መቼ ነው የሚሠራው?» ስትለኝ «በሦስት ቀን» አልኳት። ሃያ አንድ ቀን ሆነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያስዋሹኝ ግን እርስዎ ነዎት።

አምስተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው ነው። አይ፣ ይቅር፣ እሱን ሆድ ይፍጀው። ከደመወዝ ደረጃዬ ዝቅ ቢያደርጉኝም፣ ወደ ፈለጉበት ቢያዛውሩኝም ወረቀቱን ፈርሜ እቀበላለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። ትናንት ጸሐፊዎ ዘንድ ሄጄ ኮሚቴው ለምን እንደማይሰበሰብ ብጠይቃት፣ ሁለቱ አባላት ለሥራ ጉዞ ስለወጡ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም አለችኝ። በየትኛው ቦርሳ እንደሄዱ ጠየቅኳት። ጎማ ባለው የግል ሻንጣቸው ነው አለችኝ። አርማ ነበረው ወይ ብዬ ልጠይቃት ከጅሎኝ ነበር፣ ግን ምን ቆርጦኝ!

ክቡር ሆይ፣ በትሕትና ስጽፍልዎ ቆይቻለሁ፣ ትሕትናዬ ግን አልቋል። ተናድጃለሁ። ቦርሳ ዕቃ መያዣ እንጂ ባንዲራ መስቀያ አይደለም፤ የሚሸከመውን ሰው ሳይጠይቁ የመረጡት ቦርሳ የሰበረው መስታወት ብቻ አይደለም። የምለምንዎት አንዲት መስመር ናት፤ «መለኪያውን በራሱ ቦርሳ ይዞ ይሂድ» ብለው ይፈርሙ። ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ በር ሳይከፈት እህቴ የሰፋችውን ቦርሳ አንግቼ እዚያ እቆማለሁ። ከሰጡኝ በዚያው እሳፈራለሁ። ካልሰጡኝ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጥበቃ ጠርተው ቢያስነሱኝ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለአርማው ውበት፣ ጊዜዎን ሳይቆጥቡ ሳይከፍቱ ለመረጡት ዚፕ ያለኝን የላቀ ምስጋናና ወደር የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከእግርዎ ሥር ሳልሆን ከመጋዘንዎ በር ላይ እሰናበትዎታለሁ።

ማስጠንቀቂያ የተሰጠው
የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያዎ

ተጨማሪ፤ ደብዳቤውን ላሽገው ስል ዋና ነርሷ ደወለች። እናትየው ከእንግዲህ በእኔ ቃል ስለማታምን ኃላፊ የሚባለውን ሰው ራሷ ማናገር ትፈልጋለች አለችኝ። የቢሮዎን ስልክ ሰጥቻታለሁ። ሲጠራ እባክዎ ቶሎ ያንሱላት፤ ነጻ ያላት አንድ እጅ ብቻ ነው።