አሥራ ሁለተኛው ርዕስ

እሑድ፣ የካቲት 2

የኮምፒውተር ጽሑፍ ሱቄን የከፈትኩት ሦስት ሰዓት ላይ። አንገቴ እንደ ትናንቱ... አይዞርም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚገባበት ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ እስከ ደጅ ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ፦ «እትዬ ሀዊዳ፣ ምዕራፍ ሁለት ማውጫው ላይ ለምን የለም?» ፊደሉን አድምቀህ ተውከው እንጂ «ይኼ ርዕስ ነው» ብለህ ለኮምፒውተሩ መቼ ነገርከው? ማንሱራ ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስናገር። ፉል በዳቦ፣ ቆሜ በላሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሰልፍ። አንገቴ። ሌላ የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አንድ ሽማግሌ መጡ። መምህር ወግዲ ይባላሉ። ከሐይቅ ዳር መንደር የመጡ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ። የመንደራቸውን ታሪክ ጽፈዋል፣ አሥራ አንድ ምዕራፍ። መጨረሻው ላይ የስም ማውጫ አለው፤ ማን በየትኛው ገጽ እንደተጠቀሰ። አንዱም ገጽ አይገጥምም።

«ልጄ፣ አባቴ ገጽ አርባ ላይ ናቸው ይላል፤ ሄጄ ሳይ የሚያወራው ስለ ዓሣ ነው።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ማተሚያ ቤቱ ሐሙስ ይፈልገዋል። እምቢ ማለት ነበረብኝ... አላልኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

መጀመሪያ ስሞቹን ያዝኩ። አንዱን አሕመድ አንዴ ሀምዛ በምትባለው የዓረብኛ ምልክት፣ አንዴ ያለ ሀምዛ ጽፈውታል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎታል። እንዲህ ያለ አርባ ስም አስተካከልኩ። የገጹ ቁጥር ግን አሁንም ውሸት። ለምን?

ከምሳ በኋላ ገባኝ። ከየስሙ ጎን፣ ማውጫው የሚለቅመው ስውር ምልክት አለ። መምህሩ ስውሩ ሁሉ እንዲታይ አድርገው ነው የሚሠሩት። ሲታይ ቦታ ይይዛል፣ ጽሑፉን ይገፋል፣ ገጹ ይሸሻል። መደበቅ፣ ከዚያ ማውጫዎቹን ማደስ። በቃ።

ድካም ይሁን ምን፣ ሳልደብቅ አደስኩት። የምዕራፎቹ ማውጫ አሥራ ሁለት መስመር ሆኖ መጣ! አሥራ ሁለተኛው የት ነበር? ከሰባትና ከስምንት መሃል፦ «ዘናቲ ጥፋት የለበትም»።

ሄድኩበት። ሁለት ገጽ የሚሆን ስውር ጽሑፍ፤ ሲደበቅ ስክሪን ላይም ወረቀት ላይም አይወጣም። የሰው ጽሑፍ አላነብም እኔ፣ ቅርጹን አስተካክዬ እሰጣለሁ። ይህን አነበብኩት።

ከአርባ ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱ ልጆች ለሽርሽር ሐይቁን ሲሻገሩ ጀልባ ሰጠመ። ዘጠኝ ልጆች ሞቱ። ምዕራፍ ሰባት «ጀልባውን ከልክ በላይ የጫነው ቀዛፊው ዘናቲ ነው» ይላል። ስውሩ ግን... «ዘናቲ ከሃያ በላይ አልጭንም አለ። ‹መምህሩ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?› ብዬ ሠላሳ አራት አስገባሁ። ፍርድ ቤት ዝም አልኩ።»

አንድ ቁልፍ ብጫን ተመልሶ ይደበቃል። ማንም አያውቅም። ምን አገባኝ? ማውጫ ሠሪ ነኝ...

ሐሙስ፣ የካቲት 6

«መምህር፣ ርዕሱ አሥራ አንድ ነው አሥራ ሁለት?»

ወንበሩን ይዘው ተቀመጡ። «ታየ?»

«ታየ።»

«አንዳንድ ቀን እገልጠዋለሁ፣ አነብበዋለሁ፣ መልሼ እደብቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

«ዘናቲ ስንት ዓመት ታሰረ?»

«ሰባት። ሲፈታ መንደሩ አላስገባ አለው። አሁን ዱምያጥ ከተማ ነው፣ የሰው መረብ ይጠግናል።»

ተናደድኩ። ሽማግሌ ናቸው ብዬ ዋጥኩት እንጂ። ተራ ጠባቂዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። «ላጥፋው ወይስ ልግለጠው? ዛሬ መግባት አለበት» አልኳቸው።

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ከዚያ፦ «ግለጪው። ምዕራፍ ሰባት ላይ ያለውንም ውሸት ሰርዢው።»

ገለጥኩት፣ ሰረዝኩት፣ ሌላውን ምልክት ደበቅኩ፣ አደስኩ። አሥራ ሁለት ምዕራፍ። የገጹ ቁጥር ሁሉ ልክ። ፍላሹን ተቀብለውኝ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄዱ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

መጽሐፉ ወጣ። መምህሩ መጥተው «ዱምያጥ አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን ከሄድኩ ከበሩ እመለሳለሁ» አሉ። ሱቅ ዘጋሁ። እኔ? ቅዳሜ ቀን!

ዘናቲ ትንሽ ሰው ነው፤ መረቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ። ማንበብ አይችልም። ሴት ልጁ ሰብሪን ከበሩ ጀምሮ፦ «ሻይ አፍዪላቸው እንዳትለኝ፣ አባዬ። አላፈላም።» መጽሐፉን ግን ተቀበለች። የአባቷን ስም ከኋላ ፈለገች፣ ገጹን ገለጠች፣ ጮክ ብላ አነበበችለት። «ዝም አልኩ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ዘናቲ መርፌውን አስቀመጠ። «ስንት ነው የታተመው?»

«ሦስት መቶ» አሉ መምህሩ።

«መንደሩ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«አራት ሺህ ይሆናል።»

«ስንቱ ያነባል? ዝም ብለህ ነው የቀበርከኝ፣ ወግዲ። ተናግረህ አውጣኝ።»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መምህሩ «አርብ ከሶላት በኋላ እናገራለሁ፣ አንቺም ነይ» አሉኝ።

አርብ፣ መጋቢት 5

ከሶላት በኋላ የመንደራቸው መስጊድ ደጅ ላይ፣ ሁሉም ጫማውን ሲያደርግ፣ መምህሩ ተናገሩ። አጭር ነበር። «ጀልባውን ያስጫንኩት እኔ ነኝ። ዘናቲ እምቢ ብሎኝ ነበር። ዳኛው ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ።» ጫማውን በአንድ እግሩ አድርጎ የቀረ ሰው አየሁ።

ከሴቶቹ መሃል አንዲት አሮጊት ወጡ። ነፊሳ ይባላሉ፤ ሁለት ልጅ ነው ሐይቁ የወሰደባቸው። «አርባ ዓመት ሙሉ ያላጠፋ ሰው ስረግም ኖርኩ?» አሉ። መምህሩ «አዎ» አሉ።

ዘናቲና ሰብሪን፣ መምህሩ አስጠርተዋቸው፣ መንደሩ መግቢያ ላይ መኪና ውስጥ ነበሩ። አልወርድም ብሎ። ነፊሳ በዝግታ እስከዚያ ሄዱ፣ ሰውም ተከተላቸው። የመኪናውን በር ራሳቸው ከፈቱት።

«ውረድ።»

ወረደ። እጅጌውን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ሰብሪን ከኋላ፣ እያለቀሰች። ሕዝቡም አብሮ።

መምህሩ ግድግዳው ሥር ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ሰው እንኳ ሰላም አላላቸውም። ይገባቸዋል... መሰለኝ። እንጃ። ደክሞኛል። ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ።

«ሂጂ ልጄ፣ መኪናው ያመልጥሻል» አሉኝ።

«ቀጣዩን እይዛለሁ» አልኩ።