እሑድ የሚያርፈው ማሽን

ውድ እቴቴ፣

ይህ አራተኛው ወረቀቴ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። አንዱ ይቅርታ አበዛ፣ አንዱ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ደፈደፈ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቁርጥ የቢሮ ሪፖርት ሆነ። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና እነሳለሁ፣ እስከ መስኮቱ ሄጄ እመለሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "ምነው ዛሬ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?" ብላኛለች። ሁለት ዓመት ላኮረፈች ታላቅ እህት ደብዳቤ መጻፍ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ አልፈረድኩባትም።

ስልኬን እንደዘጋሽብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ወዳንቺ በምትመጣው በእማዬ እጅ እልክልሻለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ ለእኔ ብለሽ ግን አይደለም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ "የሰው ድካም ቆጣሪ" እያልሽ ትቀልጂብኝ ነበር። በኮሌጃችን ውስጥ ስለ መድኃኒት የተሠራ እያንዳንዱን ጥናት ስንት ሌላ ተመራማሪ እንደጠቀሰው፣ ስንት ሰው ከዌብሳይታችን ላይ ከፍቶ እንዳነበበው እቆጥራለሁ። አንቺ ደግሞ ያን ጊዜ ምድር ቤት ባለው ክፍልሽ ውስጥ ጠርሙስ ትቆጥሪ ነበር። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የልብ መድኃኒት ስለማይመጣ፣ የአዋቂውን ክኒን ፈጭቶ ከሽሮፕ ጋር እንዴት መለወስ እንደሚቻል፣ የተለወሰውስ ስንት ቀን ሳይበላሽ እንደሚቆይ ለማወቅ ሁለት ዓመት ለፋሽ። ማታ ቤት ስትገቢ ልብስሽ ሽሮፕ ሽሮፕ ይሸት ነበር። እማዬ "ይቺ ልጅ ከረሜላ ፋብሪካ ተቀጥራ ነው የምትደብቀኝ" ትል ነበር። ከዚያ ሁሉ ልፋት የወጣው ስድስት ገጽና አንድ ሠንጠረዥ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ዲኑ የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ መዝኜ እንዳቀርብ ሲያዘኝ፣ ያንቺን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ነበር የከፈትኩት፤ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። የጠቀሱት ሦስት ነበሩ። ሁለቱ አንቺው ራስሽ፣ ሦስተኛው ተማሪሽ። የተከፈተው ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ጊዜ ነው። በኮሌጁ ውስጥ እንዲህ የተነበበ ጽሑፍ አልነበረም። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ወደ ታች ስወርድ፣ ከዚህ ሁሉ ሁለት ሺህ ሰማንያው ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የመጣ ሆኖ አገኘሁት።

ደንባችን አጭር ነው። ከአንድ አድራሻ አንድ ጽሑፍ በወር ከአሥር ጊዜ በላይ ከተከፈተ፣ የከፈተው ሰው ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ የሚዞር ማሽን ነው ተብሎ ከቆጠራው ይሰረዛል። ደንቡ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ልክ ነው። የተጠራጠረ ቆጣሪ ግን አድራሻው የማን እንደሆነ ጠይቆ ማጣራት ይችላል። አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው።

እኔ ተጠራጥሬ ነበር። ይህ ነው ሦስት ወረቀት ያስቀደደኝ። ሰዓቶቹን አይቻቸዋለሁ፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። እሑድ እሑድ ግን ባዶ። እሑድ የሚያርፍ ማሽን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ አንገቱን አስግጎ አየና "የእህትህን ጽሑፍ ሮቦት አፍቅሮታል" አለ። አብሬው ሳቅሁ። ስልኩ እጄ ሥር ነበር፤ አላነሳሁትም። ብደውል፣ ባጣራ፣ ያንቺን ቁጥር መልሼ ባስገባ "ለእህቱ አዳላ" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ እደውል ነበር፣ እቴቴ። አንቺ ስለሆንሽ ነው የሰረዝኩት። ሠላሳ አራት አንባቢ ቀረሽ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ዲኑ በስብሰባው ላይ ጮክ ብሎ ሲያነበው አንቺ እሱን አላየሽም፤ እኔን ነው ያየሽው። ኮሪደሩ ላይ ደርሰሽብኝ "እርግጠኛ ነህ?" አልሽኝ። "ቁጥር ነው፤ እኔ ምን ላድርግ" አልኩሽ። ክፍልሽን ለሌላ ሰጡት። አንቺም መዝገቦችሽን በካርቶን አሽገሽ ወጣሽና ኬሚስትሪ ልታስተምሪ ሌላ ከተማ ሄድሽ። ለእማዬ የልደት ቀን ስንገናኝ እኔ ስገባ ሳህንሽን ይዘሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። እማዬ "እናንተ ልጆች ከአንድ ሆድ ነው የወጣችሁት ወይስ ሆስፒታል ቀይረውብኝ ነው?" ስትል ሁሉም ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ስልክ ተደወለ። የአንዲት ጠና ያሉ ሴት ድምፅ ነው።

"የምርምር ቢሮ ነው?"

"አዎ፣ ነው።"

"ከጠዋት ጀምሮ አምስት ሰው አዙሮኛል። አንተም ልታዞረኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።"

"አላዞርዎትም። ምን ልርዳዎት?"

"ገጹ ጠፋብን፣ የኔ ልጅ። የልጆቹ የልብ መድኃኒት ሠንጠረዥ። ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም።"

በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ ዌብሳይት ስንዛወር፣ ከሃምሳ በታች አንባቢ ያላቸውን ጽሑፎች ትተናቸው ነበር። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ፋይሉን እዚያው ስልኩን ሳልዘጋ ፈልጌ መለስኩት። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደሚከፍቱት ጠየቅኋቸው።

"መድኃኒቱን ባዘጋጀን ቁጥር ነዋ። በቃል መሥራት ክልክል ነው፤ የድሮ ወረቀት አይቶ መሥራትም ክልክል ነው። አንዷ ከፍታ ታነባለች፣ አንዷ ትመዝናለች። ይህ የእኔ ሕግ ነው፤ ሠራተኞቼ ይረግሙኛል።"

የኮምፒውተራቸውን አድራሻ ጠየቅሁ። ያው ማሽን ነው ብዬ የሰረዝኩት አድራሻ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። ሄጄ ካላየሁ ጤና አላገኝም ነበር። የሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ የመድኃኒት ማዘጋጃው ጠባብ ክፍል ነው፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ነጭ ሙቀጫ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። የደወሉልኝ ፋርማሲስት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይፈልጉታል። አንዲት ወጣት ያንቺን ሠንጠረዥ ከፍታ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ ሌላዋ እየደገመች መዘነች። ያንቺን ቃላት ነው የምትደግመው። "በደንብ ነቅንቀው ይስጡ" የሚለውን ስትል ያንቺ ድምፅ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ወንድምሽ መሆኔን መጀመሪያ አልተናገርኩም። በኋላ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስብሰባውን፣ ደንቡን፣ ሠላሳ አራቱን። ሰሙኝና "እና እሷ እኛ መኖራችንን አታውቅም?" አሉ።

"አታውቅም።"

"ሰባት ዓመት ሙሉ?"

"አዎ።"

"እኛኮ በስሟ ነው የምንጠራው። የልጆቹ መድኃኒት ሲያልቅ ስሟን ጠርተን 'የእሷን አዘጋጁ' ነው የምንለው" ብለው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

ዲኑ ዘንድ የገባሁት በማግሥቱ ነው። ሪፖርቱ መታረም አለበት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "እህትህ ስለሆነች ነው አይደል?" አለኝ። "ያን ጊዜ እህቴ ስለሆነች ነው የሰረዝኩት፤ አሁን ስህተት ስለሆነ ነው የማርመው" አልኩት። "በራስህ ስም ጻፈውና ፈርምበት" አለኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ትናንት በስብሰባ ላይ ራሴ ቆሜ አነበብኩት። ከመቁጠሪያው ጠረጴዛ አንስተውኛል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መዝገብ ቤት ነኝ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። ክፍልሽን ግን አልመለሱም። እዋሽሻለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፣ የሚመልሱም አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እየፈራሁ ነው የዘገየሁት።

ክኒኑን የሚያመርተው ፋብሪካ ተቀይሯል። የአዲሱ ፋብሪካ ክኒን ሲፈጭ ከሽሮፑ ጋር አይዋሃድም፤ ቢነቀንቁት ቢነቀንቁት ደቂቃ ሳይሞላ ከሥር ይቀመጣል። ጠርሙሱን አሳዩኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ማንኪያ ውሃ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ልጅ ይገድላል። የድሮው ክኒን ሐሙስ ዕለት ሲቆጥሩት የቀራቸው የአሥራ ስድስት ቀን ነበር። አሥራ አንድ ልጆች አሉ። ፋርማሲስቷ ጽሑፉ ላይ ባለው ኢሜይልሽ ጽፈውልሽ ነበር፤ ኮሌጁ ከወጣሽ በኋላ ዘግቶታል። እዚህ ያሉትን ተመራማሪዎች ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ "ከባዶ ከጀመርን ስድስት ወር" አለኝ። ሌላው "ሌላ ማዋሃጃ ሞክራ ያልጻፈችው ነገር ይኖራል፤ መዝገቧን ብናይ" አለኝ። መዝገቡ ያለው አንቺ ካርቶን ውስጥ ነው።

እኔን ይቅር በይኝ አልልሽም። ልልሽ ስል ነው ወረቀቱን የምቀድደው። ባንቺ ቦታ ብሆን እኔም ሳህኔን ይዤ እነሳ ነበር። ደግሞ እወድሻለሁ፤ ይህንን ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስናገር ላንቺ ብቻ አልነገርኩሽም።

ስልክሽን ለፋርማሲስቷ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሳላስፈቅድሽ ነው፣ ይህም ከጥፋቴ ጋር ይደመር። የትምህርት ቤታችሁን የእረፍት ሰዓት እማዬን ጠይቄ ነግሬያቸዋለሁ። ሰኞ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይደውሉልሻል። የማታውቂው ቁጥር ነው የሚሆነው።

እኔ ብደውል አታንሺ። እሳቸውን ግን አንሺላቸው።

ታናሽ ወንድምሽ