ከጎርፍ ቦይ ለቅመሽ ያለበስሽኝ ኮት

ለባለቤቴ ለሉባባ፤

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። በናፍቆት ልጀምር ነበር፤ ንዴቴ ቀደመኝ። ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ሆነ፤ እኔ ዘጠኙንም ወር የከረምኩት ያንቺን ጣጣ ስጨርስ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ነጃት ደህና ናት። አሥረኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ካንቺ አልፏል፣ ግትርነቷ ግን ቁርጥ አንቺን ነው። ወባው አንቺን ከወሰደ በኋላ የስፌት መኪናሽን ልሽጠው ብላት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ ተውኩት። የጓዳውን ነገር ግን ምን ልበልሽ? በሩን ስከፍት የማዳበሪያ ከረጢት ክምር ላዬ ላይ ተናደ። ከሥሩ የተሰባበረ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ሥር የተተበተበ የካሴት ክር፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ልብስ ሰፊዎች የጣሉት ቁርጥራጭ ጨርቅ። ይሄ ቤት ነው ወይስ የቆሻሻ መጋዘን እያልኩ ስጨቀጭቅሽ፣ "ማል ጎና ከማል? ምን እናድርግ? እኛ ካላነሳነው ጎርፉ አንስቶ ቤታችን ያስገባዋል" ትዪኝ ነበር።

ልክ ነበርሽ፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ከጓሯችን ያለው ቦይ በየክረምቱ በሰፈሩ ጥራጊ ይደፈናል፤ እኛ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለን ውሃ በባልዲ ስንቀዳ እንውላለን። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ የጽዳት ዘመቻ ይጠራል። ሰው እሁድ ይጠርጋል፣ ሰኞ መልሶ ይጥላል። አንቺ በስብሰባ ተስፋ ቆርጠሽ ነበር። "ሰው ሲነገረው አይሰማም፤ የጣለውን ነገር አሳምሬ ሰፍቼ ለብሼ ባልፍ ግን ዞር ብሎ ያያል" አልሽኝ። ወላሂ፣ የቀለድሽ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ ኬላ ላይ ነው። የቡና መጋዘን ሠራተኛ ነኝና ለሥራ ሸቤ ስሄድ፣ የተቀደደ ጆንያ ካላመጣህልኝ ብለሽ ነዘነዝሽኝ። ስመለስ አንድ እስር ተሸክሜ መኪና ላይ ወጣሁ፤ ያውም አንድ ኪሎ ቡና ደብቆ መያዝ በሚያሳስርበት ጊዜ! ፈታሹ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አራገፋቸው። አንዲት ፍሬ ሲያጣ ፊቴን አየና፣ "ለዚህ ቡትቶ ነው እንዲህ ያላበህ?" አለኝ። የመኪናው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ስጮህብሽ አንቺ ጆንያውን እየዳበስሽ "ይሄኛው ጉርድ ቀሚስ ይወጣዋል" አልሽ። ጩኸቴን ከነጭራሹ የሰማሽው አልመሰለኝም።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ሳትነግሪኝ ለቀበሌው ሴቶች ቃል ገብተሽ ሄድሽ። ለቀስተኛው ገና ከቤት ሳይወጣ ሦስት ሆነው መጡና፣ "ከማል፣ ሉባባ ከጣልነው ነገር የሠራችውን አሥር ልብስ አዳራሽ ውስጥ አሳያችኋለሁ ብላን ነበር" አሉኝ። ብቆጥረው ስድስቱ አልቋል፤ አራቱ ተቆርጦ ቀርቷል። ነጃት ከትምህርት ቤት እየመጣች መስፋት ጀመረች። መርፌ ጨብጬ የማላውቀው እኔም ቁጭ ብዬ የካሴት ክር ስፈታ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ልጅሽ አንድ የኮት ቁርጥ አምጥታ ጀርባዬ ላይ ለካችው። ልክክ አለ። መቼ ነው የለካሽኝ፣ አንቺ ሴት? ተኝቼ ነው? ሴት ባሏን ሳታማክር ከማዳበሪያ ከረጢት ኮት ትቆርጥለታለች?

ይህን ስንል የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። "ጓድ ከማል፣ ሕዝቡ ጆንያ ለባሽ ሆነ ልትሉ ነው? ይሄ ፀረ አብዮት ሥራ እንዳይሆን" አለ። ያቺ ቃል ምን እንደምታመጣ አንቺም ታውቂያለሽ። ቤት መጥቼ "በቃ፣ ቀርቷል" አልኩ። ነጃት ከስፌት መኪናው ቀና እንኳ ሳትል፣ "አባ፣ አንተ ካልለበስከው እኔ እለብሰዋለሁ" አለችኝ። ልጄን አስቀድሜ ልኬ እኔ ልቀር ነው? ለበስኩት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ነጃት ስምንቱን የጃንጥላ ክፋይ ገጣጥመሽ የሰፋሽውን ቀሚስ ለብሳ ቀድማ ወጣች። ስትዞር ቀሚሱ ዙሪያዋን ተዘረጋ። ድንገት ጎረቤታችን አዴ ሹክሪያ ብድግ አሉና፣ "ያ ረቢ! ይሄ እኮ የኔ ጃንጥላ ነው! ቦይ ውስጥ የወረወርኩት!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም የራሱን ይፈልግ ጀመር፤ አንዷ መጋረጃዋን አገኘች፣ አንዱ የጣለውን ካሴት የነጃት ሻርፕ ሆኖ አየው።

ቀጥሎ እኔ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ከፊት ተቀምጦ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ፤ ከኮቱ ጫፍ ብቅ ያለ ቀይ ነገር አየና "እስቲ ገበሩን አሳየን" አለ። ከፈትኩት። ቀይ ጨርቅ ነው፤ በነጭ ቀለም "አካባቢያችንን እናጽዳ" ይላል። የራሱ የቀበሌው የዘመቻ ጨርቅ! ነጃት አንቺ በቆረጥሽው መሠረት ሰፍታው ለኔ ትንፍሽ አላለችም፤ በጥድፊያ ስታለብሰኝም ልብ አላልኩትም። መፈክር ቀዶ ገበር ማድረግ፣ በዚህ ዘመን! 

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለቤቴ ከቦይ ነው ያወጣችው። ከዘመቻው ማግሥት እዚያ ተጥሎ አገኘችው" አልኩ።

ሊቀመንበሩ ዞሮ በዘመቻው ጨርቁን የሰቀሉትን የቀበሌውን ልጆች አየ። እነሱ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ "ተቀመጥ" አለኝ። አላመሰገነም፣ አላሰረኝም። በሳምንቱ ግን ቦዩ አፋፍ ላይ ሁለት የጥራጊ በርሜል አስቆመ።

ክረምቱ ገባ፤ ጎርፉ ቦይ ለቦይ ሄደ። በጓሮ በር ቆሜ ሲያልፍ አየሁት። ደጃችን ደረቅ ነበር። ይሄንን ሳታዪ መሄድሽ ነው የሚያበግነኝ፤ ከጆንያውም ከኮቱም ይልቅ ይሄ።

አሁን ደግሞ ሌላ መከራ አለብኝ። ሰፈርተኛው ቡትቶውን ወደ ቦይ መጣል ትቶ እኔ በረንዳ ላይ ይከምራል። "ለሉባባ ነው" ይላሉ። ከየቡ ከተማ ሳይቀር በሾፌር የሚልኩ አሉ። ነጃት ከሰዓት በኋላ የሰፈር ሴቶችን ሰብስባ ከጆንያ ዘንቢል ታሰፋለች፤ እኔ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ እበላለሁ።

ባለፈው ጁምዓ መቃብርሽ ጋ መጥቼ ዱዓ ሳደርግልሽ አጥሩ ላይ የተሰካ የላስቲክ ከረጢት ዓይኔ ገባ። ትቼው ልሄድ ብዬ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለ። ከእሾኩ አላቅቄ፣ አራግፌ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አብሮኝ የመጣው ወንድምሽ "ምን ልታደርገው ነው?" አለኝ። "ለነጃት" አልኩት። ከማልን እንዳንቺ ቡትቶ ለቃሚ ያደረግሽው እንዲህ ነው። ሉባባ፣ እድሜዬን ሙሉ አስታውስሻለሁ፤ እድሜዬን ሙሉም እየተነጫነጭኩብሽ እለቅማለሁ።

ባልሽ ከማል